ጉንፋን ሆስፒታል ያስተኛቸው ልጆች፦ የወረርሽኙ ዓመትና የየዓመቱ በሽታ

እስከ መስከረም 2025 በተደረገው ቆጠራ በአሜሪካ በ2024/25 የጉንፋን ወቅት 280 ልጆች በኢንፍሉዌንዛ ሞተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አገሪቱ በዚህ በሽታ የሚሞቱ ልጆችን አንድ በአንድ መመዝገብ ከጀመረች ከ2004 ወዲህ እስከዚያ ቆጠራ ድረስ ከዚህ የከፋ ቁጥር የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። እሱም የኤች1ኤን1 ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀበት በ2009/10 ሲሆን ያኔ የሞቱት 288 ነበሩ። ልዩነቱ ስምንት ልጆች ብቻ ነበር።

በ2009 በአውሮፕላን ማረፊያዎች የመንገደኞች ሙቀት ይለካ ነበር፤ በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የመጨረሻውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ አውጇል። በ2024/25 ግን ያንኑ ያህል ልጆች ሲቀጠፉ ጉዳዩ የአንድ ሰሞን ወሬ ሆኖ አለፈ። ወረርሽኝ ሲባል ሁሉም ይነሣል፤ «የየዓመቱ ጉንፋን ነው» ሲባል ሁሉም ይቀመጣል።

ይህ ልማድ ዋጋ እያስከፈለ ነው። ከ2009 ወዲህ በተለያዩ አገሮች ሆስፒታል የተኙ ልጆች መዝገብ ሲመረመር ጎልቶ የሚወጣ አንድ ነገር አለ። ልጁ አልጋ ከያዘ በኋላ መትረፍ አለመትረፉ ቫይረሱ ወረርሽኝ መባሉን ብዙም አይከተልም። ይበልጥ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከመታመሙ በፊት የተደረገለት ጥበቃ፣ ሆስፒታል የደረሰበት ሰዓትና አልጋው አጠገብ የሚያገኘው ኦክስጅን።

አዲስ ቫይረስ፣ የተገላበጠ ዕድሜ

የ2009ኙ ቫይረስ በመጀመሪያ ከታወቀባቸው ሰዎች መካከል በሚያዝያ ወር በደቡብ ካሊፎርኒያ የተመረመሩ ሁለት ልጆች ይገኙበታል። በዚያው ሰሞን ሜክሲኮ ውስጥ በሽታው በሰፊው እየተዛመተ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 11 ቀን 2009 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አወጀ፤ ነሐሴ 10 ቀን 2010 ደግሞ ማብቃቱን አስታወቀ። ወደ ኢትዮጵያም ፈጥኖ ነበር የደረሰው፤ በሰኔ 2001 ዓ.ም. ከአሜሪካ በመጡ መንገደኞች ላይ መገኘቱ ተነገረ። ሕዝቡ የሚያውቀው «የአሳማ ጉንፋን» በሚል ስም ነበር።

የየዓመቱ ኢንፍሉዌንዛ በብዛት የሚገድለው አረጋውያንን ነው። በ2009 ግን ይህ ተገለበጠ። ከ1957 በፊት የተወለዱ ሰዎች በልጅነታቸው የዚያ ቫይረስ ዘመዶች ይዘዋቸው ስለነበር ሰውነታቸው የተወሰነ መከላከያ ነበረው። ልጆችና ጎልማሶች ግን ባዶ እጃቸውን ተገኙ። ኋላ የተሠራ ዓለም አቀፍ ግምት በመጀመሪያው ዓመት ከ151,700 እስከ 575,400 ሰዎች መሞታቸውን ያመለክታል፤ ከእነዚህ 80 በመቶ ያህሉ ከ65 ዓመት በታች ነበሩ። በላቦራቶሪ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሞት ደግሞ 18,500 ገደማ ብቻ ነበር። በግምቱ መሠረት ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአፍሪካና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው የሞቱት። ምርመራ በሌለበት አገር የሚሞት ሰው መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ ወረርሽኙ «ቀላል ነበር» የሚለው አስተያየት የተወለደውም ከእነዚያ ባዶ መዝገቦች ነው።

ቦነስ አይረስና ቶሮንቶ

አንዱን ቫይረስ በሁለት ከተሞች እንከተለው። በአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስና አካባቢዋ 1.2 ሚሊዮን ያህል ልጆችን የሚያገለግሉ ስድስት ሆስፒታሎች በ2009 የተቀበሏቸውን ሕሙማን መዝግበዋል። ቫይረሱ የተገኘባቸውና የተኙት ልጆች 251 ነበሩ። ከእነሱ 47ቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፤ 42ቱ የመተንፈሻ ማሽን አስፈለጋቸው፤ 13ቱ ሞቱ። ወደ ሆስፒታል የገቡት ልጆች መጠን ከ2008 የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ እጥፍ ነበር። የሞቱ መጠን ደግሞ ከ100,000 ልጆች 1.1 ሲሆን፣ በ2007 በወቅታዊው ኢንፍሉዌንዛ ከተመዘገበው 0.1 አሥር እጥፍ ይበልጣል። አብዛኞቹን የገደላቸው ምንም ዓይነት ኦክስጅን ቢሰጥ ከፍ ሊል ያልቻለ የደም ኦክስጅን እጥረት ነው። ክፉኛ የተመቱት አንድ ዓመት ያልሞላቸው ጨቅላዎች ነበሩ።

በካናዳ ቶሮንቶ ያሉ ሐኪሞች ደግሞ በ2009 በአዲሱ ቫይረስ የተኙ 58 ልጆችን ቀደም ባሉት ዓመታት በወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ኤ ከተኙ 200 ልጆች ጋር አነጻጸሩ። በአዲሱ ቫይረስ የተያዙት በዕድሜ ከፍ ያሉ ነበሩ፤ መካከለኛ ዕድሜያቸው 6.4 ዓመት ሲሆን የወቅታዊው 3.3 ነበር። አስም ያለባቸው 22 በመቶ ነበሩ፤ በወቅታዊው 6 በመቶ ብቻ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡት 21 እና 14 በመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ዓይነት ነበር። ሐኪሞቹ የደረሱበት መደምደሚያ አዲሱ ቫይረስ ሆስፒታል በገቡ ልጆች ላይ ከወቅታዊው የባሰ አይመስልም የሚል ነው።

ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ሲጠጋጉ ግን ይደጋገፋሉ። የቦነስ አይረሱ ጥናት የለካው በሽታው በመላው የከተማ ልጅ ላይ ያወረደውን ሸክም ነው። መከላከያ የሌለው ሕዝብ መሐል የገባ ቫይረስ ብዙ ልጆችን ይይዛል፤ ብዙ ሲያዙ ብዙ ይተኛሉ፤ ብዙ ሲተኙም ብዙ ይሞታሉ። ደቡባዊው ንፍቀ ክበብ በሰኔና በሐምሌ ክረምቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ጨቅላዎችን የሚያጠቁ ሌሎች የመተንፈሻ ቫይረሶች ጭምር አልጋ የሚያጣብቡበት ጊዜ ነበር። የቶሮንቶው ጥናት የለካው ደግሞ አልጋ ላይ ያለውን ልጅ ከሌላው ልጅ ጋር አነጻጽሮ ነው። በደንብ በተደራጀ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ያገኙ ሁለት ልጆች ዕጣ የቫይረሱ ስም ስለተለየ ብቻ ብዙም አይራራቅም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለጤና ባለሥልጣን እጅግ ይጠቅማል። ወረርሽኝ ልጆችን የሚገድልበት ዋናው መንገድ ብዛት ነው፤ ብዛቱን የሚቋቋመው ደግሞ አስቀድሞ የተዘጋጀ አልጋ፣ ኦክስጅንና ነርስ ነው። እነዚህ ለየዓመቱ በሽታ ካልተዘጋጁ ለወረርሽኙ አይደርሱም።

ጤነኛ የነበረው ልጅ

ወላጅን ሁሉ ሊያስደነግጥ የሚገባው ሌላ ግኝት አለ። በአሜሪካ 35 የልጆች ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በወረርሽኙ ዓመት የተቀበሏቸው 838 ልጆች ሲመረመሩ 30 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት ምንም ሕመም ያልነበረባቸው ናቸው። ከ838ቱ 75 ልጆች ሞቱ። ጤነኛ ከነበሩት መካከል ለሞት ያጋለጠው ጎልቶ የወጣ ነገር አንድ ነው፦ ቫይረሱ በገባ ሰሞን ሳንባን አብሮ የወረረ፣ የተለመዱ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ። ይህ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ልጆች የመሞት አደጋ ስምንት እጥፍ ነበር።

በ2024/25 ከሞቱት 280 ልጆችም ተጓዳኝ ሕመም የነበራቸው ከግማሽ ጥቂት ከፍ የሚሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት እስከታመሙባት ሳምንት ድረስ የሚሮጡና የሚስቁ ልጆች ነበሩ። «የእኔ ልጅ ጠንካራ ነው» የሚለው እምነት ከዚህ እውነት ጋር አይሄድም።

ኢንፍሉዌንዛ በጓሮ በር እንደሚገባ ሌባ ነው፤ አጥሩን ያፈርስና ለሚከተለው መንገድ ይከፍታል። ቫይረሱ የአየር ቧንቧን ሽፋን ይጎዳል፤ በተጎዳው ሥፍራ ኒሞኮከስና ስታፊሎኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። ለዚህ ነው ትኩሳቱ በርዶለት የተሻለው የመሰለ ልጅ እንደገና ሲያተኩሰውና ትንፋሹ ሲፈጥን ነገሩን ቀላል አድርጎ ማየት የማይገባው።

ይህ የቫይረስና የባክቴሪያ ጉድኝት ለድሃ አገር ተስፋም ይሰጣል። በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ የተደረገ፣ ውጤቱም በ2004 የታተመ ጥናት የኒሞኮከስ ክትባት የወሰዱ ልጆች በመተንፈሻ ቫይረሶች ሳቢያ በሳንባ ምች ሆስፒታል የመግባታቸው መጠን በ31 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ክትባቱ ቫይረሱን አይነካውም፤ ተከትሎት የሚገባውን ባክቴሪያ ግን ይከለክለዋል። ኢትዮጵያ ይህን ክትባት በ2011 በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አስገብታለች። ስለዚህ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ባልተዳረሰባት አገር እንኳ፣ በጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጠው የኒሞኮከስ መርፌ ጨቅላውን ከኢንፍሉዌንዛ መዘዝ በከፊል ይጠብቀዋል። ችግሩ በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱ ሕፃናት ከግማሽ በታች ሆነው መገኘታቸው ነው። ሳይጨርስ የቀረ እያንዳንዱ ልጅ ወረርሽኝ በመጣ ቀን የፊት መስመር ላይ ያለ ልጅ ነው።

ሞቱ ዕጣ ፈንታ አይደለም

የየዓመቱ ኢንፍሉዌንዛ የሚያስከትለው ሞት እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የማይቀር ነገር ተደርጎ ይታያል። በኮቪድ ዘመን የታየው ግን ይህን ያፈርሰዋል። በአሜሪካ በ2019/20 199 ልጆች በኢንፍሉዌንዛ ሞተዋል፤ በ2020/21 የሞተው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሰው ተራርቆ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲቆይ ቫይረሱ መሄጃ አጣ። ያ አኗኗር የሚደገም አይደለም፤ ልጆችም ብዙ ዋጋ ከፍለውበታል። ነገር ግን ሞቱ መቅረት የሚችል መሆኑን በቁጥር አስመስክሯል።

ብዙ ዋጋ ሳያስከፍል ሞቱን የሚቀንሰው መንገድ ክትባት ነው። በአሜሪካ ከ2010 እስከ 2014 የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያሳየው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቀድሞ ጤነኛ በነበሩ ልጆች የመሞትን አደጋ በ65 በመቶ፣ ተጓዳኝ ሕመም ባለባቸው ደግሞ በ51 በመቶ ቀንሷል። የተከተበ ልጅም ሊታመም ይችላል፤ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባቱ ዕድል ግን በእጅጉ ያንሳል። በ2024/25 ከሞቱትና መከተብ ይችሉ ከነበሩት ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ክትባታቸውን አላሟሉም ነበር። በዚያች አገር ከኮቪድ በፊት ከአሥሩ ልጆች ከስድስት በላይ ይከተቡ ነበር፤ ዛሬ ወደ አምስት ወርዷል። በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በሚኒሶታ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህን ቁጥር የሌላ ሰው ቁጥር አድርገው ማየት የለባቸውም። ክትባቱ በደጃቸው ነው፤ የሚጠበቅባቸው በየዓመቱ ከክረምቱ በፊት ማስከተብ ነው።

ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የሚሆን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የለም። ክፉኛ የሚጎዱት ደግሞ እነሱ ናቸው። በ2018 በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ 870,000 ያህል ልጆች ከኢንፍሉዌንዛ ጋር በተያያዘ የታችኛው መተንፈሻ ሕመም ሆስፒታል እንደገቡ ተገምቷል፤ እስከ 34,800 የሚደርሱ ሞተዋል። ሆስፒታል ውስጥ ከሞቱት 36 በመቶው ስድስት ወር ያልሞላቸው ነበሩ። ከሆስፒታል ሞቱ 82 በመቶው ደግሞ የደረሰው ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

እነዚህን ጨቅላዎች የሚጠብቃቸው የእናታቸው ክትባት ነው። በሶዌቶ በነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገና በ2014 የታተመ ሙከራ፣ እናቲቱ በእርግዝና ጊዜ ስትከተብ ኤችአይቪ ከሌለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ኢንፍሉዌንዛ የመያዛቸው ዕድል በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2012 ነፍሰ ጡሮች በቀዳሚነት እንዲከተቡ መክሯል።

እኛ ዘንድ

ኢትዮጵያ ኢንፍሉዌንዛን በክፉ ታውቀዋለች። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ቤት ለቤት የዞረ ወረርሽኝ ነበር። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ የሚቃጠለውና የሚታጠነው በዚያ መታሰቢያ ነው። ታላቁን ወረርሽኝ በልማዳችን እንዲህ ይዘነዋል። በየዓመቱ በሳንባ ምች ስም ጨቅላዎችን የሚወስደው ኢንፍሉዌንዛ ግን መታሰቢያ ቀርቶ ስም እንኳ አላገኘም። አብዛኛው ሐኪም ዘንድ የሚደርስ ልጅ «የሳንባ ምች» ተብሎ ይታከማል፤ መንሥኤው ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ የሚለየው ምርመራ በብዙ ሆስፒታሎች የለም።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከ2008 ጀምሮ በተመረጡ ጤና ተቋማት የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ያካሂዳል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ናሙናው ወደ ዋናው ላቦራቶሪ ሄዶ የሚወጣው ውጤት ግን በክልል ሆስፒታል የልጆች ክፍል የሚሠራውን ሐኪምና ነርስ በዚያው ወር ካልደረሰው ጥቅሙ ግማሽ ነው። በዚህ ሳምንት በአካባቢው ኢንፍሉዌንዛ እየተዛመተ መሆኑን የሚያውቅ ሐኪም ኦክስጅን ቀድሞ ያዘጋጃል፤ ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ በይበልጥ የሚጠቅመውን ኦሴልታሚቪር የተባለ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ያስባል፤ የሚያስለውን ልጅ ካልታመመው ጨቅላ አልጋ ያርቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ኦክስጅን ነው። በቦነስ አይረስ ልጆቹን የገደላቸው የኦክስጅን እጥረት፣ ሲሊንደሩ ባዶ በሆነበት ሆስፒታል ውስጥ ማሽን እስኪያስፈልግ እንኳ አይጠብቅም። ኢትዮጵያ በ2016 የሕክምና ኦክስጅንንና በጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅንን የሚለካውን ፐልስ ኦክሲሜትር የማስፋፋት ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አውጥታለች። በአገራችን 12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች የተደረገና በ2024 የታተመ ጥናትም ተስፋ ሰጪ ነው። በቀላል ቱቦና ውሃ ባለበት ጠርሙስ፣ ባለው ኦክስጅን ላይ ግፊት በመጨመር የልጁን ሳንባ ክፍት አድርጎ የሚይዝ በአገር ውስጥ የሚሠራ ዘዴ ከተለመደው የአፍንጫ ኦክስጅን የተሻለ ውጤት አስገኝቷል። ሥራውን የሠሩት ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። ሕይወት የሚያድነው ነገር ሁልጊዜ ውድ ማሽን አይደለም።

መንግሥት የኢንፍሉዌንዛን ክትባት ለልጅ ሁሉ በየዓመቱ መግዛት ይከብደዋል ማለት ይቻላል። ለነፍሰ ጡሮች ለመጀመር ግን መንገዱ የተጠረገ ነው። እናቶች በእርግዝና ክትትላቸው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይወስዳሉ፤ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሌላ መርፌ መጨመር አዲስ ሥርዓት መዘርጋት አይጠይቅም። በአንድ መርፌ እናቲቱም ጨቅላውም ይጠበቃሉ።

እናትና አባት ሊያውቁት የሚገባ

የልጅ ጉንፋን አብዛኛው በቤት ያልፋል። ማርና ዝንጅብል የተጨመረበት ሻይ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው ልጅ ጉሮሮውን ያለሰልስለታል፤ ዳማከሴውም የአያት ፍቅር ነው። ችግሩ የሚመጣው የቤት መድኃኒቱ ሐኪም ቤት የሚኬድበትን ሰዓት ሲበላው ነው። ሳል የያዘውን ጨቅላ እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም መፍሰስና ቁስለት ይጨምርበታል እንጂ አይፈውሰውም። ለጉንፋን ትኩሳት አስፕሪን ለልጅ መስጠትም አይገባም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ብርቱ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ቆም ብሎ የልጁን ደረት ማየት ከሁሉ ይበልጣል። ልጁ ሲረጋጋ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል። የታችኛው ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚደነዝዝ ልጅ ነገን አይጠብቅም፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የሚቀጥለው ወረርሽኝ መምጣቱ አይቀርም፤ መቼና በየትኛው ቫይረስ እንደሆነ ማንም አይናገርም። ለእሱ የሚደረገው ዝግጅት ግን ዛሬ በልጆች ክፍል በሚሠራው ሥራ ይለካል። በየወረዳው ሆስፒታል የማያልቅ ኦክስጅንና የሚሠራ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ክትባቱን የጨረሰ ጨቅላ፣ የተከተበች ነፍሰ ጡር፣ በወሩ ለሐኪም የሚደርስ የቅኝት ውጤት እስከሚቀጥለው ወረርሽኝ ድረስ ሊዘገዩ የማይገባቸው ናቸው። ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች በጀታቸውን ሲያወጡ የየዓመቱን ሕፃን እንደ ወረርሽኙ ሕፃን ይቁጠሩት። እሱን ያዳነ ሆስፒታል ወረርሽኙን ይቋቋማል፤ እሱን ያላዳነ ግን አዋጅ ሲታወጅ ብቻ ተነሥቶ ሊያድን አይችልም።